ወይዘሮ አትጠገብን ማሳመን

በዚያ ዘመን ሥርዓተ ትምህርት እንደ ወቅት ይቀያየር ነበር። በመስከረም የወጣው በታኅሣሥ ይታደሳል፣ የታኅሣሡ በመጋቢት፣ የመጋቢቱ ደግሞ ክረምት ሳይገባ። ለውጡ ራሱ ሥርዓተ ትምህርቱን ከሚያወጣው ማዕከል በአንድ ጀምበር ይደርሳል። አስቸጋሪው ሰው ነበር። ሰው መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ለውጥ በመጣ ቁጥር የወረዳ ትምህርት ባለሙያዎች በሙሉ አዳማ ይጠራሉ፣ ይሰለጥናሉ፣ ተመልሰው ርዕሳነ መምህራኑን ያዘጋጃሉ፣ ወላጁን ያሳምናሉ። ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ የሚቀጥለው ጥሪ ይደርሳቸዋል።

አዳማም ሌላ ሥራዋን ሁሉ ትታ የስልጠና ከተማ ሆና ቀርታለች። መንገድ ላይ ባጅ ያላንጠለጠለ ሰው ከታየ ወይ የሆቴል አስተናጋጅ ነው፣ ወይ ባጁን ክፍሉ ረስቶ የወጣ ሰልጣኝ ነው።

ልሳነወርቅ ሙላት የወይናምባ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትግበራ ባለሙያ ነበር። ባለሙያ ከመባሉ በፊት አንደኛ ክፍል አስተምሯል። አሁን ጡረታው ደርሷል፤ ጀርባው የቤቱን አልጋ ሳይሆን የአዳማውን የሆቴል አልጋ ለምዷል። ሚስቱ እቴነሽ “የአዳማ ሻንጣ” የምትለው፣ ከነሳሙናው ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ በር ሥር የሚቀመጥ ሻንጣ አለው።

የመጋቢቱ ጥሪ ሲመጣ ግን መሄድ አልፈለገም። እቴነሽ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት። ዓይኗን የሚነካ ነገር ትፈራለች፤ ኩል እንኳ ተኩላ አታውቅም። “እጅሽን ይዤ የማስገባሽ እኔ ነኝ” ብሎ ቃል ገብቶላታል። ይህንኑ ገልጾ ለቢሮው አመለከተ። መልሱን አንባቢው በጆሮው አነበበለት። አንባቢ በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ የሚያደርገው፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያክል ነገር ነው፤ ዓይን ያረፈበትን ጽሑፍ ሁሉ ያነባል። “ስልጠናው ዓርብ ያልቃል” አለው። “የባለቤትዎ ቀጠሮ ሰኞ ነው። ይደርሳሉ።”

ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።

አስተባባሪዋ ኤልዳና የምትባል ወጣት ነበረች፤ ድምጿ ከመናገር ብዛት የሻከረ፣ ቆማ እያወራች ዓይኗ የሚከደን። አዳራሹ ሞልቶ ሲያበቃ መድረክ ላይ ወጣችና፣ “የዚህ ዙር ለውጥ ቀላል ነው” አለች። “ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ንባብና ጽሕፈት ይወጣል። በምትኩ ማዳመጥና መጠየቅ ይገባል።”

የገረመው ሰው ያለ አይመስልም። ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

“ይወጣል ሲባል ይቀነሳል ነው ወይስ ይቀራል?”

“ይቀራል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ለፈለገ በቅርስ ትምህርት ሥር ይሰጣል። ሌላ ጥያቄ?”

ሌላው ጠያቂ የምሳ አዳራሹ ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቀ። አልተቀየረም።

ሆቴል ውስጥ ከልሳነወርቅ ጋር ክፍል የሚጋራው፣ የጎረቤት ወረዳው ባለሙያ በዳሳ ጉተማ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። “ባለፈው ዙር የእጅ ጽሕፈት ውድድር አዘጋጁ ብለውን አልነበረም እንዴ?”

“ብለውን ነበር።”

“እኔ እኮ ገና አሸናፊውን አልሸለምኩም” አለ በዳሳ፣ ከልቡ ተጨንቆ።

ለውጡ የሚጸናው ወላጅ በስብሰባ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ከድሮ የቀረ ሕግ ነው፤ የሚሰርዘው ሰው አልተገኘም። እናም ስልጠናው ሁሉ ማሳመን ሆኗል። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ጠበብ ያለች ክፍል ይገባል፤ በሚበራው ግድግዳ ላይ አንድ ወላጅ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ወላጁ በሕይወት ያለ ሰው አይደለም። በሰልጣኙ ወረዳ ለዓመታት ከተቀዱ የወላጆች ስብሰባዎች የተሠራ ነው፤ ጥያቄው የእነሱ ነው፣ ቁጣው የእነሱ ነው፣ አነጋገሩም የእነሱ። ወላጁ “ይሁን” ሲል የበሩ መብራት አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ሰልጣኙ አለፈ ይባላል።

ለልሳነወርቅ የደረሰችው ወይዘሮ አትጠገብ ነበረች። ሻሿን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ያሰረች፣ ስትናገር የነጠላዋን ጥለት የምትጎትት ሴት። አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አለቻት።

“እንደምን አደርሽ እህቴ” አላት በመጀመሪያው ቀን።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልትወስዱብን መጣችሁ ደግሞ?”

የተሰጠውን ነገራት። አንባቢው ሁሉን ያነባል፤ ፊደል ለማስቆጠር የሚባክነው ጊዜ ለሌላ ትምህርት ይተርፋል፤ ልጆች ጫናው ይቀልላቸዋል። ወይዘሮ አትጠገብ ሳታቋርጥ ሰማችው።

“ልጄ ፊደል ካልለየች” አለች ሲጨርስ፣ “አንባቢው ያላትን እውነት ይሁን ውሸት በምን ታውቃለች?”

“አንባቢው አይሳሳትም። በየጊዜው ይታደሳል።”

“የሚታደሰው ስለሚሳሳት አይደል?”

መብራቱ ቀይ ሆነ።

በማግስቱ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ስለሚተርፈው ጊዜ አጥብቆ ነገራት። “ለየትኛው ትምህርት ነው የሚተርፈው?” አለችው። “ባለፈው ያስገባችሁት እኮ አሁን ሊወጣ ነው አሉ።” ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ስለ ራሷ ጠየቃት፤ እሷም ስለ ልጇ አወራችው። ልጅቷ በየመንገዱ እየቆመች የሱቆቹን ስም ጮክ ብላ እንደምታነብ፣ አንዳንዴም እየገጣጠመች የሌለ ቃል እንደምትፈጥር። ልሳነወርቅ ሳቀ። አንደኛ ክፍል ሲያስተምር እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩት። ሲወጣ ገና ፈገግ እንዳለ ነበር፤ መብራቱን ቀና ብሎ ሲያይ ቀይ ነው።

በዳሳ ገና በሁለተኛው ቀን አልፏል። ምሳ ላይ ሽሮውን እያማሰለ መከረው።

“የአንተ ችግር ምን እንደሆነ ልንገርህ? ስትጠይቅህ ታስባለህ። አታስብ።”

“ጥያቄዋ ትክክል ነው እኮ በዳሳ።”

“ትክክል መሆኑን ማን ካደ? ትክክል ነው። አንተ ግን ሰኞ ሚስትህ ጋ መድረስ አለብህ።”

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኤልዳና ጠራችው። ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር፤ አንዱ ላይ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

“ጋሼ ልሳነወርቅ፣ ነገ ካላለፉ ለማካካሻው ዙር ይቆያሉ። የሚቀጥለውን ሳምንት ሙሉ።”

“ባለቤቴ ሰኞ ዓይኗን ልትታከም ነው።”

“አውቃለሁ። ማመልከቻዎን አይቼዋለሁ።” ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ አሸች። “እኔ መወሰን ብችል አሁኑኑ እለቅዎት ነበር። የሚለቅዎት መብራቱ ነው።”

ዓርብ ጠዋት ገባ። ወይዘሮ አትጠገብ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን እየጎተተች።

“መጡ?” አለችው።

ልሳነወርቅ ሊናገር የመጣውን ረሳው። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ፊቷ የተቀመጠው፤ እስከዚያ ቀን ቆሞ ነበር የሚያናግራት።

“እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ እኔም ደክሞኛል” አላት። “ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ መልስ የለኝም። ሦስት ወር ሳይሞላ ራሴ ያሳመንኩትን ራሴ ሳፈርስ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። የማዝዝ መስዬ እታያለሁ እንጂ ታዛዥ ነኝ። ዛሬ ይሁን ካላልሽኝ ቤቴ አልገባም፤ ሚስቴ ብቻዋን ልትታከም ነው። ሌላ የምልሽ የለኝም።”

ወይዘሮ አትጠገብ ጥለቱን መጎተቷን ተወች። አየችው፤ ግድግዳ መሆኗን እስኪረሳ ድረስ አየችው።

“አይ ጋሼ” አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ለስልሶ። “እርስዎ ምን ያድርጉ? የታዘዙትን ነው። ይሁን እንግዲህ። ይሂዱ፤ ሚስትዎን ይያዙ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ልሳነወርቅ ወዲያው አልተነሳም። አታልሎ የወሰደው ነገር ያለ ይመስል ፊቱ ጋለ፤ ያለው ሁሉ ግን እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለመዝጊያው ተሰበሰቡ። ኤልዳና የያዘችውን ንግግር አቋርጣ፣ ከማዕከሉ አሁን የደረሰ ተጨማሪ አለ አለች። ቀጥሎ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ አንድ የደከመው ሰው ድምፅ ተሰማ። “እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ እኔም ደክሞኛል…” ልሳነወርቅ ማን እንደሆነ እስኪያውቅ ጥቂት ቆየ።

“ዘዴው ቅን ድካም ይባላል” አለች ኤልዳና። “እስካሁን ከተሞከሩት ሁሉ ወላጅን ፈጥኖ የሚያለሰልሰው ይህ ሆኖ ተገኝቷል። ከዛሬ ጀምሮ በሁሉም ወረዳ ይተገበራል። ጋሼ ልሳነወርቅን እናመስግን።”

አጨበጨቡለት። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ ታዘዘ፤ አዳራሹ በሙሉ “ደክሞኛል እህቴ”፣ “ደክሞኛል ወንድሜ” በሚል ጉምጉምታ ተሞላ። አንዳንዱ ቃሉን እየረሳ ይስቃል። በዳሳ ግንባሩን በመዳፉ ደገፍ ማድረግ ጨመረበት፤ አሠልጣኞቹ ያንንም ወደዱለት።

ልሳነወርቅ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ተሳፈረ። ሰኞ የእቴነሽን እጅ ይዞ አስገባት፤ ስትወጣም ተቀበላት። ሕክምናው ተሳክቶላት ነበር። ስለ አዳማ ስትጠይቀው “ያው ነው” አላት።

በሳምንቱ ውስጥ በዳሳ ደወለለት። “ልሳኔ፣ ወርቅ የሆነ ቃል ነው የሰጠኸን! እኔ እኮ ስብሰባውን ሻይ ሳይፈላ ጨረስኩት። አንዲት እናት መጥታ ሳመችኝ። ‘አይዞህ ልጄ’ ብላ አለቀሰችልኝ።”

“አንተስ ምን አልካት?”

“ምን እላለሁ? ዕረፍት ያስፈልገኛል አልኳት። እሱስ እውነት ነው።”

የወይናምባ ትምህርት ቤት ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ወላጆቹ በልጆቻቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ፤ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ፈትለወርቅ ከፈተችና ለልሳነወርቅ ለቀቀችለት። እሱም የታዘዘውን አንድ በአንድ ተናገረ። የሚቃወም አልነበረም። ሰዎቹ እሱን የሚያዩት ዝናብ ሲመጣ ሰማይ እንደሚታይ ነበር።

ሲጨርስ ከመሃል አንዲት ሴት ተነሳች። ትርንጎ ትባላለች፤ ወፍጮ ቤት ትሠራለች፤ ክንዷ ላይ ዱቄት ነበር።

“ልጄ ባለፈው እሑድ ስሟን በእጇ ጽፋ የቤቱ በር ላይ ለጠፈችው” አለች። “ማንም አላገዛትም። ታናሽዋም አይታት ‘የእኔንስ?’ እያለች ታለቅሳለች። ለታናሽዋ ምን ልበላት?”

ይህን አዳማ ውስጥ ማንም አልጠየቀውም ነበር። በጆሮው ውስጥ አንባቢው ተከፈተ። የማዕከሉ ድምፅ መስሎት ነበር፤ የራሱ ነበር። ግድግዳው ፊት የተናገረው፣ ከነትንፋሹ። *እውነቱን ልንገርሽ እህቴ…* ተከትሎ እንዲደግመው ነበር የላኩለት።

አፉን ከፈተ። ግን አንድም ቃል ሳይወጣው ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ሸዋረጋ፣ በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

“ተይው እንግዲህ ትርንጎ” አሉ። “ፊቱን አታይም? ሰውዬው ደክሞታል። እሱስ የታዘዘውን አይደል? እጃችንን እናውጣለትና ወደ ቤቱ ይሂድ።”

“እውነት ነው” አለ አንዱ ከኋላ።

“ምስኪን” አለች ሌላዋ።

እጆች መነሳት ጀመሩ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የሚያነሷቸው አዝነውለት ነበር። ልሳነወርቅ ቁልቁል እያያቸው፣ አዳማ ውስጥ ያ ግድግዳ ለምን እንደለሰለሰለት ገባው። ከእነዚህ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ነው። ትርንጎም ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እጇን ግን ገና አላነሳችም።

*እኔም ደክሞኛል* አለ በጆሮው ውስጥ ያለው ድምፁ።

“አልደከመኝም” አለ ልሳነወርቅ።

እጆቹ ባሉበት ቆሙ።

“አልደከመኝም። ቤቴም አልቸኩልም፤ የሚጠብቀኝ ሥራ የለም” አለ፣ ከምንም በላይ መተኛት እየፈለገ። “እጃችሁን አውርዱና ጠይቁኝ። ለእኔ ብላችሁ አትፍቀዱ። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላችኋለሁ። ትርንጎ፣ ለጠየቅሽኝ መልስ የለኝም። ለታናሽዋ የሚነገር ነገር አልሰጡኝም።”

መጀመሪያ የተቆጡት አቶ ሸዋረጋ ነበሩ፤ ያዘኑበት ሰው ሐዘኔታቸውን የመለሰባቸው ያህል ሆኖባቸው።

“ካልደከመህማ” አሉ፣ “ልጠይቅህ! ባለፈው መጥተህ ያን የአፈር ምርመራ ትምህርት ካላስገባችሁ ልጆቻችሁ ወደ ኋላ ይቀራሉ አላልከንም? የት አለ አሁን?”

“ወጥቷል።”

“ማን አስወጣው?”

“አላውቅም።”

“የምታውቀው ምንድን ነው ታዲያ አንተ!”

ከዚያ በኋላ ማንም አላዘነለትም። የዓመታቱን ሁሉ ጠየቁት፤ በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን፣ ልጆቻቸው ጀምረው ያልጨረሱትን። አንዱ ሰው ውሸታም አለው። ሌላው ደግሞ አንባቢው ይበቃል፣ ልጆቹ ለምን ይሰቃያሉ አለና ከትርንጎ ጋር ተጣላ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ የተነሱት እናት ራሳቸው ተጣሉ። ልሳነወርቅ ላቡን እየጠረገ ቆሞ ዋለ። ወንበር ቢያቀርቡለትም አልተቀመጠም፤ ከተቀመጠ እንደማይነሳ ያውቅ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ልጆች ምሳ ፈልገው በመስኮት ብቅ ብቅ ሲሉ ድምፅ ተሰጠ። የፈቀዱት ጥቂት ነበሩ።

ትርንጎ ስትወጣ ሰላም አላለችውም። አልፋው ሄደች፤ ከኋላዋ ከተጣላችው ሰው ጋር ገና እየተከራከረች ነበር።

ውሳኔው ከማዕከሉ የመጣው ሰው ከግቢው ወጥቶ ሳያልቅ ነው። አንባቢው አነበበለት። “ወይናምባ ወረዳ፦ አልተዘጋጀም። የንባብ ትምህርት እስከሚቀጥለው ለውጥ ይቆያል። ባለሙያው ለድጋሚ ስልጠና ሰኞ አዳማ እንዲቀርቡ።”

ፈትለወርቅም አጠገቡ ቆማ በራሷ አንባቢ ስትሰማ ነበር። አልተደሰተችም።

“ይቆያል ይላሉ እንጂ የንባቡን ትምህርት እኮ ትናንት ከግድግዳው ላይ አንስተውታል” አለችው። “ና እይ።”

አንደኛ ክፍል አስገባችው። ትምህርቱ ይበራበት የነበረው የፊት ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። ናርዶስ የምትባለው ወጣት መምህርት የልጆቹን ወንበሮች እያስተካከለች ነበር።

“ብነካው ብነካው አይበራም” አለች። “የማዳመጡ አልተፈቀደም፣ የንባቡ ተነስቷል። ሰኞ ልጆቹ ሲመጡ ምን አደርጋለሁ?”

“ታስተምሪያቸዋለሽ” አላት ልሳነወርቅ።

“ግድግዳው ነበር የሚያስተምራቸው። እኔ ዝም ነው የማሰኛቸው።” አቀረቀረች። “ፊደሉን አነባለሁ። እንዴት እንደሚጀመር ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም።”

ልሳነወርቅ በሩን አየ። ከበሩ ወዲያ መንገዱ ነበር፣ ከመንገዱ ወዲያ ቤቱ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ማድ ቤት ሄደና እሳቱ የጠፋ ከሰል ይዞ ተመለሰ። ፈትለወርቅ ከሰሉን ስታይ ግድግዳውን ዘወር ብላ አየችው፤ ምንም ሳትል በሩን ዘጋችላቸው።

በልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ከሰሉን ለናርዶስ ሰጣት።

“የፊደሉን ስም ቀድመሽ አትንገሪያቸው” አላት። “ከአፋቸው ነው የምትወስጂው። ‘ላም’ በሉ በያቸው፣ ‘ሎሚ’ በሉ በያቸው። አፋቸው መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ይንገሩሽ። እነሱ ካገኙት በኋላ አንቺ ትጽፊዋለሽ። ትልቅ አድርገሽ፤ ከኋላ ያለው እንዲያየው። በይ፣ ለ ጻፊ።”

ናርዶስ ክንዷን ዘርግታ በነጩ ግድግዳ ላይ ጻፈች። ከሰሉ ተሰበረባት። የፊደሉ አንዱ እግር ረዝሞ አንዱ አጥሮ ቀረ። ዘወር ብላ አየችው፤ እሱ ራሱን በእጁ ደግፎ፣ ዓይኑ ሊከደን ደርሶ ነበር። የተኛ መስሏት ከሰሉን ልታስቀምጥ ስትል ቀና አለ።

“እግሮቹ እኩል ይሁኑ” አላት። “እንደገና።”